ተሸክሞ ማስገባት ተደራሽነት አይደለም
በመዋኛ፣ በማትናስና በሌሎች የመዝናኛ ቦታዎች አካል ጉዳተኛ ደንበኛ ያለው መብት

ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት፣ በሆፌሽ ጋዶል፣ ጎረቤቶቼን በመኪናዬ ወደ ከተማችን መዋኛ ወሰድኳቸው። እናት፣ የ11 ዓመት ልጇና የልጁ አያት ናቸው። ልጁ የሚንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። እናቱ ከአንድ ወር በፊት የቤተሰብ ማኑይ በስልክ ገዝታ ነበር። ያነጋገራት ሻጭ «ቦታው ለሁሉም የተመቸ ነው» ስላላት አምና ከፈለች።

እውነትም በሩ ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን ዘንበል ያለ መግቢያ አለ። የአካል ጉዳተኛ ምልክት የተለጠፈበት መጸዳጃ ቤትም አለ። መጸዳጃ ቤቱ ግን ተቆልፏል፤ ሲከፈትልን ውስጡ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደራርበውበታል። በመዋኛው ዳር ሰውን አስቀምጦ ቀስ ብሎ ወደ ውኃው የሚያወርድ መቀመጫ፣ በዕብራይስጥ ማዓሎን የሚባለው፣ ተተክሏል። በላዩ ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የወረቀቱ ጽሑፍ በፀሐይ ደብዝዟል።

ነፍስ አድን ሠራተኛው ደግ ሰው ነበር። «ችግር የለም፤ እኔና ጓደኛዬ ተሸክመን እናስገባዋለን» አለ። እናቱ አመሰገነች። ልጁ ግን አንገቱን ደፍቶ «አልፈልግም» አለ። በመዋኛው ውስጥ የክፍሉ ልጆች ነበሩ።

አያቱ ተገረሙ። «እኔ ታናሽ ወንድሜን በጀርባዬ አዝዬ ነው ሱዳን ያደረስኩት። መሸከም ምን ነውር አለው?» አሉ። ልጁ ትንሽ ዝም ካለ በኋላ በዕብራይስጥ ለእናቱ «ሌሎቹ ልጆች እኮ ራሳቸው ነው የሚገቡት» አላት። ወደ ቤታችን ተመለስን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ቆይቻለሁ። አያቱም ልክ ናቸው፤ ልጁም ልክ ነው። በሱዳን መንገድ ላይ ሕግም ማሽንም አልነበረም። ደካማውን የተሸከመ ሰው ነፍስ አድኗል። ዛሬ በምንኖርበት አገር ግን ሕግ አለ፤ ማሽኑም ተገዝቶ ተተክሏል። ማሽኑ እንዲሠራ ማድረግ ሲገባ ልጁን እንደ ዕቃ ማንሳት ደግነት ሊሆን ይችላል፤ ተደራሽነት ግን አይደለም። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ መብቱ ምን እንደሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለብዎና መብቱ ሲጣስ ወዴት እንደሚሄዱ እንመለከታለን።

ሕጉ ምን ይላል?

የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት የአካል ጉዳተኞችን የእኩል መብት ሕግ ያወጣው በ1998 ነው። በ2000 በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር የአካል ጉዳተኞች የእኩል መብት ኮሚሽን፣ በዕብራይስጥ ነጺቩት፣ ሥራ ጀመረ። በ2005 ደግሞ ስለ ተደራሽነት፣ በዕብራይስጥ ነጊሹት ስለሚባለው፣ ሰፊ ምዕራፍ በሕጉ ላይ ተጨመረ። ከዚያም ስለ ሕንፃዎችና ስለ አገልግሎት አሰጣጥ ዝርዝር ደንቦች ወጡ። እስራኤል በ2012 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በ30ኛው አንቀጹ አካል ጉዳተኞች በባህል፣ በመዝናኛና በስፖርት እንደማንኛውም ሰው የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ብዙ ቤተሰብ «ይህ ሕግ ለሆስፒታልና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ መዝናኛማ ቅንጦት ነው» ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። መዋኛ፣ የስፖርት አዳራሽ፣ ማትናስ፣ ሲኒማ፣ ቲያትር፣ ሙዚየምና መናፈሻ ሁሉም ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ ቦታዎች ናቸው። ባለቤቱ ኢሪያ ቢሆን ወይም የግል ድርጅት፣ ግዴታው አለበት።

ሌላው መታወቅ ያለበት ሕጉ አካል ጉዳተኛ የሚለው ማንን እንደሆነ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ሰው ብቻ አይደለም። የአካል፣ የአእምሮ ጤና ወይም የመረዳት ችግር ኖሮበት፣ ችግሩ ዘላቂም ይሁን ጊዜያዊ፣ በዋና ዋና የኑሮ ጉዳዮች እንቅስቃሴው በእጅጉ የተገደበ ሰው ሁሉ በዚህ ሕግ ውስጥ ይገባል። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ያለ ምርኩዝ መራመድ የማይችሉ አባት፣ ጆሯቸው የደከመ እናት፣ ጫጫታ የሚያስጨንቀው ኦቲዝም ያለበት ልጅ፣ ሁሉም ደንበኞች ናቸው፤ ሁሉም መብት አላቸው።

አገሪቱ ለጉዳዩ እንግዳ አይደለችም። በራማት ጋን የሚገኘው የአካል ጉዳተኞች የስፖርት ማዕከል የተመሠረተው በ1960 ነው። በ1968 የዓለም የአካል ጉዳተኞች ኦሎምፒክ፣ ፓራሊምፒክ፣ በእስራኤል ሲካሄድ ውድድሮቹን ያስተናገደው ይኸው ማዕከል ነበር። ስለዚህ አካል ጉዳተኛ እንዴት እንደሚዋኝና እንዴት ስፖርት እንደሚሠራ በዚህ አገር ከ50 ዓመት በላይ ይታወቃል። «እንዴት እንደሚደረግ አናውቅም» የሚል መልስ አያስኬድም።

ከበሩ እስከ ውኃው

ተደራሽነት እንደ ሰንሰለት ነው። አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ጎረቤቶቼ መግቢያ ነበራቸው፤ መውረጃ ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ጉዞውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሐሳብዎ ይሂዱበት።

የመኪና ማቆሚያው ቅርብ ነው? የአካል ጉዳተኛ ምልክት ያለበት ቦታ አለ? ከመኪናው እስከ በሩ ያለው መንገድ ደረጃ የለበትም? የገንዘብ መቀበያው ጠረጴዛ በወንበር ለተቀመጠ ሰው ከፍ ያለ ነው? የልብስ መቀየሪያው ክፍል ተሽከርካሪ ወንበር ያዞራል? በዚያ ክፍል ወንድ ልጅን እናቱ፣ ሴት ልጅን አባቷ መርዳት የሚችሉበት ለብቻ የሆነ ቦታ አለ? መጸዳጃ ቤቱ ክፍት ነው? ወደ ውኃው የሚያወርድ መቀመጫ ወይም ዘንበል ያለ መግቢያ አለ? ይሠራል?

ለማየት ለተቸገረ ሰው የደረጃ ጠርዝ በደማቅ ቀለም መለየቱና በትላልቅ ፊደላት የተጻፈ ምልክት መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። በመሪ ውሻ የሚሄድ ዓይነ ስውር ከውሻው ጋር ወደ ሕዝብ ቦታ የመግባት መብት እንዳለው ከ1993 ጀምሮ በራሱ ሕግ ተደንግጓል። ለመስማት ለተቸገረ ሰው በአዳራሽ ውስጥ የመስሚያ አጋዥ መሣሪያ ወይም የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ከሁሉ የሚበልጠው እርዳታ ጸጥ ያለ ሰዓት፣ ወረፋ አለመጠበቅና የሚረዳው ሠራተኛ ነው። ሽማግሌ አባት ደግሞ የሚይዙት ብረትና በየመሐሉ ዐረፍ የሚሉበት አግዳሚ ወንበር ይበቃቸው ይሆናል።

ሕጉ የሚጠይቀው ሥራውን አንድ ጊዜ መሥራት ብቻ አይደለም። የተሠራው ነገር በደህና ሁኔታ መጠበቅ አለበት። ሠራተኞቹም አካል ጉዳተኛ ደንበኛን እንዴት እንደሚያስተናግዱ መሠልጠን አለባቸው። የተበላሸ ማዓሎንና ዕቃ ማከማቻ የሆነ መጸዳጃ ቤት፣ ምልክቱ ቢለጠፍባቸውም፣ እንደሌሉ ይቆጠራሉ።

ሕንፃው አሮጌ ሲሆን ወይም ወጪው ከአቅም በላይ ሲሆን ሕጉ ከአንዳንድ ግዴታዎች ነፃ የሚያደርግበት መንገድ አለ። ነገር ግን ሥርዓትን ተከትሎ የሚገኝ ፈቃድ ነው እንጂ ሥራ አስኪያጁ በቃሉ የሚወስነው አይደለም። «አሮጌ ሕንፃ ስለሆነ ነው» ከተባሉ «ፈቃዱን በጽሑፍ ልይ፤ በምትኩስ ምን አዘጋጃችሁ?» ብለው ይጠይቁ።

አጃቢ አይከፍልም

በዚያ ቀን አያቱ የገቡት የልጁ አጃቢ ሆነው ነው። በማኑዩ ውስጥ ስላልተመዘገቡ የመግቢያ ትኬት ተቆረጠባቸው፤ ከፈልን። ኋላ ሳጣራ መክፈል አልነበረብንም።

ያለ ሰው እርዳታ በመዝናኛ ቦታው መጠቀም የማይችል አካል ጉዳተኛ አጃቢ፣ በዕብራይስጥ መላቬ፣ ይዞ ሲመጣ፣ አካል ጉዳተኛው የራሱን ይከፍላል፤ አጃቢው ግን ተጨማሪ አይከፍልም። ለዚህ የሚያስፈልገው አጃቢ እንደሚያስፈልግ የተጻፈበት የአካል ጉዳተኛ ካርድ፣ ቴዑዳት ናኼ፣ ነው። ካርዱን የሚሰጠው ብሔራዊ ኢንሹራንስ፣ ቢቱዋሕ ለኡሚ፣ ነው። ወረፋ መጠበቅ ለማይችሉ ሰዎችም «ወረፋ አይጠብቅም» የሚል ጽሑፍ በካርዱ ላይ ይሰፍራል።

ካርድ ኖሯቸው በመሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። እስቲ ዛሬ አውጥተው ከልጅዎ ወይም ከልጅ ልጅዎ ጋር ያንብቡት። አጃቢ የሚለው ከሌለበትና ያስፈልገኛል ካሉ ወደ ቢቱዋሕ ለኡሚ በኮከብ 6050 ደውለው ይጠይቁ። የልጅ አካል ጉዳተኛ ድጎማ የምትቀበሉ ወላጆችም ስለ ልጁ ካርድ ጠይቁ።

ከመክፈልዎ በፊት

የእኛ ሰው ይሉኝታ አለበት። «ቸገረኝ» ማለት ያሳፍረናል። ሻጩ በስልክ ሲያጣድፈን «እሺ፣ እሺ» ብለን የካርድ ቁጥራችንን እንሰጣለን። ጥያቄ መጠየቅ ስድብ አይደለም፤ ከመክፈል በፊት የሚጠይቅ ሰው በኋላ አይጣላም።

በዕብራይስጥ ለመጠየቅ የሚረዱ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች እነሆ። ቆርጠው ስልክዎ አጠገብ ያስቀምጡ።

«ሃኢም ሃማኮም ናጊሽ ለኪሴ ጋልጋሊም?» ማለት ቦታው ለተሽከርካሪ ወንበር የተመቸ ነው ወይ ነው።

«ሃኢም ሃማዓሎን ላብሬኻ ኦቬድ?» ማለት ወደ መዋኛው የሚያወርደው መቀመጫ ይሠራል ወይ ነው።

«ሚ ራካዝ ሃነጊሹት ሼላኼም?» ማለት የተደራሽነት ኃላፊያችሁ ማን ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ በር ይከፍታል። 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ሁሉ የተደራሽነት ኃላፊ መሾም አለበት። የሻጩ ሥራ መሸጥ ነው፤ የዚያ ሰው ሥራ ግን የእርስዎን ጥያቄ መመለስ ነው።

ከተቻለ ከመክፈልዎ በፊት ቦታውን ሄደው በዓይንዎ ይዩ። ካልተቻለ መልሱን በጽሑፍ፣ በኢሜይል ወይም በዋትሳፕ፣ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ያነጋገሩትን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት ይያዙ።

ከፍለው ካልሆነልዎስ?

በመጀመሪያ ፎቶ ያንሱ። የተቆለፈውን በር፣ የተበላሸውን መቀመጫ፣ የተለጠፈውን ወረቀት ያንሱ። ከዚያ ለድርጅቱ የተደራሽነት ኃላፊ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፤ መቼ እንደሄዱ፣ ምን እንዳጡና ምን እንዲስተካከል እንደሚፈልጉ ይግለጹ። መልስ የሚጠብቁበትን ቀን ይጨምሩ። በቃል የተነገረ ቅሬታ ይረሳል፤ የተጻፈ ይቀመጣል።

ማኑዩን በስልክ ወይም በኢንተርኔት ገዝተው ከሆነ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ይረዳዎታል። ለማንኛውም ሰው ውሉን ለመሰረዝ 14 ቀን ይሰጣል። ገዢው አካል ጉዳተኛ፣ ወይም ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም አዲስ ገቢ ሆኖ የገቢነት ካርዱን ከተቀበለ 5 ዓመት ያልሞላው ከሆነ፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በተደረገ ንግግር የተፈጸመ እስከሆነ ድረስ፣ 4 ወር ይሰጠዋል። ሐሳቡን ለቀየረ ሰው የሚቆረጠው የስረዛ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቅል ነው፤ ከሁለቱ አነስተኛው ይወሰዳል። የተነገረው ነገር ከእውነታው ጋር ባለመስማማቱ የተሰረዘ ከሆነ ግን ይህም አይቆረጥም። ለጎረቤቴ «ለሁሉም የተመቸ ነው» ተብሏት ነበር፤ ቦታው ግን ለልጇ አልተመቸም።

ድርጅቱ ካልመለሰ ቀጣዩ ደጅ ኢሪያው ነው። የንግድ ፈቃድ ከተደራሽነት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ኢሪያው ቦታውን የመጠየቅ ኃይል አለው። ከዚያ በላይ በፍትሕ ሚኒስቴር ወዳለው የእኩል መብት ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ኮሚሽኑ ተቆጣጣሪዎች አሉት። በመጨረሻም ፍርድ ቤት አለ። በተደራሽነት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ፣ የጉዳቱ መጠን ሳይረጋገጥ እንኳ፣ እስከ 50,000 ሸቅል ካሣ ሊፈርድ ይችላል፤ ገንዘቡ ከዋጋ ለውጥ ጋር ይስተካከላል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በደብዳቤ ያልቃል። ዕብራይስጥ ለመጻፍ ለሚቸገሩ ልጆቻቸው፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ ወይም በሰፈሩ ያለው የምክር ቢሮ ሊረዷቸው ይችላሉ።

በዚያው ቦታ ሥራም አለ

መዝናኛ ቦታ መዝናኛ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ቤትም ነው። ገንዘብ ተቀባይ፣ የክበብ አስተማሪ፣ መዝጋቢ፣ ጽዳትና ጥገና ሠራተኛ፣ ሁሉም ያስፈልጉታል። አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላቸው ወላጆች «ነገ እኛ ስናልፍ ምን ይሆናል?» ብለው ይጨነቃሉ። የዚህ መልስ አንዱ ክፍል ሥራ ነው።

100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው የመንግሥትና የሕዝብ ድርጅቶች ከሠራተኞቻቸው ቢያንስ 5 በመቶው ከፍ ያለ አካል ጉዳት ያላቸው እንዲሆኑ ማድረግ አለባቸው። ይህ ከ2017 ጀምሮ ይሠራል። ከ100 በላይ ሠራተኛ ላላቸው የግል ድርጅቶች ደግሞ 3 በመቶ ተደንግጓል። ስለዚህ በከተማዎ ኢሪያ ሥር ስላለ ክፍት ቦታ ሲጠይቁ ለአካል ጉዳተኛ የተያዘ ቦታ እንዳለ ጨምረው ይጠይቁ። ቀጣሪም ለሠራተኛው ተመጣጣኝ ማስተካከያ የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ጠረጴዛ ዝቅ ማድረግ፣ የሥራ ሰዓት ማስተካከል ወይም ኮምፒውተር ላይ የፊደል ማጉያ መጫን ሊሆን ይችላል።

በማትናስና በስፖርት አዳራሽ ለምትሠሩ ወጣቶቻችንም አንድ ቃል አለን። ሥልጠናው ሲመጣ «ፊርማ ለመሙላት ነው» ብላችሁ አትለፉት። አማርኛ የሚናገሩ እናት ከልጃቸው ጋር በራችሁ ላይ ሲቆሙ ሕጉንም ቋንቋውንም የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ቤት መቅረት ይብቃ

ስለ ራሳችንም እንነጋገር። ከእኛ ዘንድ አካል ጉዳተኛ ልጁን «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ቤት የሚያስቀምጥ አለ። «አርጅቻለሁ፤ ለእኔ መዝናኛ ምን ያደርግልኛል» ብለው ሰገነት ላይ ተቀምጠው የሚውሉ አባቶችና እናቶችም አሉ። በሩ ላይ ደረጃ ካለ አንድ ጊዜ ይሞክሩና ይመለሳሉ፤ ሁለተኛ አይሄዱም። ሥራ አስኪያጁም «አካል ጉዳተኛ ደንበኛ እኮ አይመጣም» ይላል። እነሱ በሩ ስላልተመቸ አይመጡም፤ እሱ ስለማይመጡ አያስተካክልም። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው የሚጠይቅ ሰው ነው።

ጎረቤቴ ጠየቀች። ትልቋ ልጇ በዕብራይስጥ ደብዳቤውን ጻፈች፤ ፎቶዎቹን አያያዙ፤ ያለ አግባብ የከፈልነውን የአጃቢ ትኬትም ጠቀሱ። መጀመሪያ መልስ አልመጣም። ሁለተኛውን ደብዳቤ ሲልኩ ለኢሪያውም ግልባጭ አደረጉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመዋኛው ተደራሽነት ኃላፊ ራሷ ደወለች። መቀመጫው ተጠግኗል፤ መጸዳጃ ቤቱ ተጸድቷል፤ የትኬቱ ገንዘብ ይመለሳል አለች። ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ቶሎ አያልቅም፤ ሳይጠየቅ ግን ጨርሶ አይጀመርም።

ዕረፍቱ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው አራታችንም ተመልሰን ሄድን። ልጁ ከወንበሩ ወደ መቀመጫው ተሻገረ፤ እናቱ ቀበቶውን አሰረችለት። መቆጣጠሪያውን ነፍስ አድን ሠራተኛው ሊይዝለት ሲል ልጁ እጁን ዘረጋና ተቀበለው። ቁልፉን ራሱ ተጫነ። መቀመጫው ቀስ እያለ ወረደ፤ ውኃው መጀመሪያ እግሩን፣ ከዚያ ወገቡን ያዘው። አያቱ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ የክፍሉ ልጆች እንዳሉ ሲያዩ፣ ልጁ እንዳያፍር ብለው፣ ዋጥ አደረጉት።